የብስክሌት አገር አቋራጭ ውድድር በጫካ መንገድ

አገር አቋራጭ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ሩጫ ነው። ሜዳውን፣ ዳገቱን፣ ጭቃውንና ቦዩን እየተሻገረ የሚሮጥ አትሌት ይታየናል። ይህንኑ ውድድር በብስክሌት የሚያደርጉ መኖራቸውን ብዙ ተማሪዎች አያውቁም፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ «ያው እግሩ የበረታ ያሸንፋል» ብለው ያልፉታል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከመነሣታችን በፊት የነበረን አስተያየት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለ ጉዳዩ ጥቂት ካነበብንና የውድድሮቹን ፊልም ደጋግመን ከተመለከትን በኋላ ግን ሐሳባችንን ለመለወጥ ተገደናል። ፔዳል ከሚመታበት ዳገት ይልቅ ፔዳል የማይመታበት ቁልቁለት ብዙ ተወዳዳሪዎችን ከድል ያርቃል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ በሚከተለው ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ውድድሩ ምን ይመስላል? ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ደጋግመው ይዞራሉ። የዙሩ ብዛት የሚወሰነው አሸናፊው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንዲጨርስ ተደርጎ ነው። አስፋልት የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ ጫካ ውስጥ ሲገባ ከአንድ ሰው በላይ የማያሳልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ይሆናል። ከመሬት የወጣ የዛፍ ሥር፣ የተቆለለ ድንጋይ፣ ብስክሌቱ ዘሎ የሚወርድበት እርከን፣ በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ ኩርባ በየጥቂት ሜትሩ ይጋረጣል። የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1990 በአሜሪካ በኮሎራዶ፣ ዱራንጎ በምትባል ከተማ ነው። ወደ ኦሊምፒክ የገባው ደግሞ በ1996 በአትላንታ ሲሆን፣ በወንዶች የሆላንዱ ባርት ብሬንትየንስ፣ በሴቶች የኢጣሊያዋ ፓኦላ ፔዞ አሸንፈዋል።

የውድድሩ ሕግ በሁለት ነገሮች ላይ ጠበቅ ያለ ነው። አንደኛ፣ ተወዳዳሪው ውኃም ሆነ መለዋወጫ ጎማ የሚቀበለው ለዚሁ በተከለለ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ጎማው ቢተነፍስበት ወይ ራሱ ይጠግናል፣ ወይም በተነፈሰው ጎማ እየተንገጫገጨ እስከ ተከለለው ቦታ ይደርሳል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል። መሪው የመጀመሪያውን ዙር የጨረሰበት ጊዜ ይያዝና፣ የዚያን ጊዜ 80 በመቶ ያህል ወደ ኋላ የቀረ ተወዳዳሪ ከውድድሩ እንዲወጣ ይደረጋል። መሪው የመጀመሪያውን ዙር በ10 ደቂቃ ቢጨርስ፣ 8 ደቂቃ የዘገየ ሁሉ «ይበቃሃል» ይባላል ማለት ነው። ይህችን 8 ደቂቃ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አነሣሡ እንለፍ። ተወዳዳሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን ስምንት ስምንት እየሆኑ በረድፍ ይሰለፋሉ። ከፊት የሚቆመው ቀደም ባሉት ውድድሮች ብዙ ነጥብ ያከማቸ ነው። የጥይት ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈተለካል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ውድድር እንደ መቶ ሜትር ሩጫ መጀመሩ ለተመልካች ሞኝነት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጫካው ነው። ደወል ተደውሎ አንድ ሺህ ተማሪ በአንዲት ጠባብ በር ሲወጣ የሚሆነውን የማያውቅ መምህር የለም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ተማሪዎች እየሮጡ ሲያልፉ የመጨረሻዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰፊው መንገድ ጠቦ ጫካ ውስጥ በሚገባበት ቦታም ከኋላ ረድፍ የተነሡት ከብስክሌታቸው እየወረዱ ተራ ይጠብቃሉ። በዚያች ቦታ የሚጠፋው ጊዜ የእግር ድካም ያመጣው አይደለም።

እዚህ ላይ ሳንናገር ማለፍ የማንፈልገው ነገር አለ። ነጥብ የሚገኘው በተመዘገቡ ውድድሮች ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሚካሄዱት በአውሮፓ ነው። እንግዲህ ከናይሮቢ ወይም ከኪጋሊ የሚነሣ ወጣት የአውሮፕላን ቲኬት የሚከፍልለት ካላገኘ ነጥብ የለውም፤ ነጥብ ከሌለው ከኋላ ረድፍ ይቆማል፤ ከኋላ ረድፍ ከቆመ በጠባቡ በር ላይ ይጠብቃል። ከዚያም በኋላ የ80 በመቶው ሕግ ከኋላው ይከተለዋል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም።

ቁልቁለቱ ሲጀመር ሌላ ትምህርት ይመጣል። በአውሮፓ ከሚታወቁት ሥፍራዎች አንዱ በቼክ ሪፐብሊክ የሚገኘው ኖቬ ምዬስቶ ነው። በረጃጅም የጥድ ዓይነት ዛፎች መካከል የሚያልፈው መንገድ በዛፍ ሥር የተሸፈነ ነው። ደረቅ ሥር ብዙም አያስቸግርም። ጎማ እየተመላለሰበት ልጡ የተላጠና ዝናብ የመታው ሥር ግን ሳሙና ነው። የፊት ጎማ እንዲህ ያለውን ሥር በጎን ከነካው ሥሩን ተከትሎ ይንሸራተትና ጋላቢውን ይጥላል። ቀጥ ብሎ አቋርጦት ካለፈ ግን ሥሩ ጎማውን የሚገፋበት አቅጣጫ አያገኝም። ስለዚህ ጥሩ ተወዳዳሪ ሥሩን ከመድረሱ በፊት ፍሬኑን ይለቃል፣ መሪውን ቀጥ ያደርጋል፣ ሰውነቱን ቀለል አድርጎ በላዩ ያልፋል። በሥሩ ላይ ሆኖ ፍሬን የሚይዝ ወይም መሪ የሚጠመዝዝ ሰው ወዲያውኑ መሬት ላይ ይገኛል።

ይህ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ጎማ መሬትን ቆንጥጦ የሚይዝበት ሰበቃ እንደ መምህር ደመወዝ የተወሰነ ነው። ለቤት ኪራይ የከፈልነውን መልሰን ለጤፍ ልናውለው አንችልም። ጎማውም ያለውን ሰበቃ ሁሉ ፍጥነት ለመቀነስ ካዋለው ለመታጠፍ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን የሚይዝ ልጅ ብስክሌቱ እምቢ ብሎት ቀጥ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳል። የሠለጠነው ተወዳዳሪ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ፍጥነቱን ይቀንስና ፍሬኑን ለቆ ይታጠፋል። ከእኛ መካከል አንዱ በልጅነቱ ለአሥር ደቂቃ በተከራየው ብስክሌት ኩርባ መካከል የፊት ፍሬን ጨምድዶ ይዞ አገጩ ላይ የቀረውን ጠባሳ እስከ ዛሬ ድረስ ይዞታል። በዚያን ጊዜ የሰበቃን ትምህርት ተምሯል፤ ችግሩ ትምህርቱን ከተግባር ጋር ማያያዝ ላይ ነበር።

የዓይንም ነገር አለ። ብስክሌት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 10 ሜትር ያልፋል። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁ ፍሬን ላይ እስኪጨብጥ ቢያንስ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 5 ሜትር አልፏል። ስለሆነም ከጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ የሚመለከት ተወዳዳሪ የሚያየው ሊለውጠው የማይችለውን ነው። ዓይን ከፊት ለፊት አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ላይ መቆየት አለበት። ዛፉንም ሳይሆን በዛፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ያስፈልጋል፤ ዛፉን አፍጥጦ የሚያይ ሰው ወደ ዛፉ መሄዱ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነውና። ከዚህም የተነሣ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት መንገዱን በእግራቸው ሳይቀር እየሄዱ ሥሩንና ድንጋዩን ያጠናሉ።

ይህም ቢሆን በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ። የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 ሲካሄድ የብስክሌት አገር አቋራጩ የተደረገው ኢዙ በሚባለው ሥፍራ ነበር። በአውራ ጎዳናም ሆነ በጭቃ ላይ በዓለም ከታወቁት ብስክሌተኞች አንዱ የሆነው የሆላንዱ ማትዩ ቫን ደር ፑል በመጀመሪያው ዙር ከትልቅ ድንጋይ ወደ ታች በሚዘለልበት ቦታ ላይ ወደቀ። በልምምድ ጊዜ በዚያ ቦታ የጣውላ መሸጋገሪያ ነበር። በውድድሩም ዕለት ይኖራል ብሎ አምኖ ስለ መጣ ለመዝለል አልተዘጋጀም፤ ጣውላው ግን ተነሥቶ ነበር። ኋላም ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ኃይለኛ እግሩና ዝናው አንዲት የተነሣች ጣውላን ሊተኩለት አልቻሉም።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ። የፊዚክስ መምህራን ይህን ክፍል በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። በፍጥነት የሚሄድ አካል ያለው ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ይኸው ጉልበት አካሉን ምን ያህል ከፍታ ሊያወጣው እንደሚችል ለማወቅ የፍጥነቱን ካሬ ለሁለት ጊዜ 9.8 ማካፈል ነው። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚሄድ ተወዳዳሪ 100 ሲካፈል ለ19.6፣ ማለት 5.1 ሜትር ከፍታ በእጁ ይዟል። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሄደው ደግሞ 1.3 ሜትር ብቻ። እንግዲህ ሳያስፈልግ ፍሬን ይዞ ከ10 ወደ 5 የወረደ ሰው 3.8 ሜትር ከፍታ ጥሏል። አንድ ፎቅ ያህል ማለት ነው። ከኩርባው ሲወጣ ይህንን ፎቅ በእግሩ ኃይል እንደገና መውጣት አለበት።

በአንድ ዙር አምስት ጊዜ እንዲህ ቢያደርግና ውድድሩ ስምንት ዙር ቢሆን 40 ፎቅ፣ ወይም 153 ሜትር ይሆንበታል። ተወዳዳሪው ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ቢመዝን ይህን ለመመለስ 127 ሺህ ጁል ያህል ያስፈልገዋል። በ300 ዋት ኃይል፣ ይኸውም ለብርቱ ሰው ከባድ ሥራ ነው፣ ሲሠራ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል። እርግጥ ነው፣ ፍሬን ባይዝም ነፋሱና ልል አፈሩ ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን መውሰዳቸው አይቀርም። ግማሹን ብንተውለት እንኳ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይቀራል። ከላይ አደራ ያልናት 8 ደቂቃ የምትታሰበው እዚህ ላይ ነው። በፍርሃት ብቻ ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ወጣት፣ በዳገቱ ላይ ከማንም ሳያንስ፣ ከውድድሩ እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል። «ሳንባዬ አልቻለም» ብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስና ከዚያ ወዲያ በዳገት ላይ ብቻ ቢለማመድ ያልታመመውን እያከመ ነው።

የጠፋው ጉልበት የት ሄደ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከዚህ ስፖርት መወለጃ ማግኘት ይቻላል። በ1976፣ ኦክቶበር 21 ቀን፣ በካሊፎርኒያ በማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሚሆንና 400 ሜትር ገደማ በሚወርድ የአፈር መንገድ ላይ ቁልቁል ተሽቀዳደሙ። ብስክሌቶቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባድ ብስክሌቶች ሲሆኑ፣ ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመምታት የሚሠራ፣ በኋላ እግራቸው እምብርት ውስጥ የተቀበረ ነበር። ሰውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ይሁኑ ብንል ከ400 ሜትር መውረድ 392 ሺህ ጁል ይሰጣል፤ ይህም ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ወደ እምብርቱ ይገባል። በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣ ስለ ነበር ከአንድ ውድድር በኋላ እምብርቱን ፈትቶ ግራሶ እንደገና መጠቅጠቅ ግድ ሆነ። መንገዱም «ሪፓክ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ትርጉሙ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ተብሎ የታሰበ ብስክሌት በእጁ መሥራት ጀመረ።

ስለ ጎማም መናገር ያስፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ስንሄድ «ጥሩ አድርገህ ንፋልኝ» ማለት ልማዳችን ነው። በአስፋልት ላይ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች እስከ 5 አትሞስፌርና ከዚያም በላይ ይነፋሉ። በጫካ የሚወዳደረው ግን ጎማው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ፣ የሚነፋው 1.5 አትሞስፌር ገደማ ብቻ ነው፤ ከቤት አውቶሞቢል ጎማ እንኳ ያነሰ። ደንደን ያለ ጎማ ሥሩን ሲመታ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አያቆምም፣ አይታጠፍም። ለስለስ ያለው በሥሩ ላይ ተለጥጦ ቅርጹን ይከተላል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ዛሬ ብዙዎቹ የውስጥ ጎማ ትተው ትናንሽ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ሆኖም ትልቅ ቀዳዳ ከመጣ ፈሳሹም አይረዳም። እንግዲህ ተወዳዳሪው ከመነሣቱ በፊት መንፊያውን በእጁ ይዞ ሲቆም የሚወስነው ውሳኔ ቁማር የተቀላቀለበት ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የታየው በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ውድድሩ የተደረገው ኤላንኩር በሚባል ኮረብታ ላይ ነበር። ኮረብታው 231 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በፓሪስ አካባቢ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም። ድሮ የድንጋይ ማውጫ የነበረ፣ ኋላም የሕንፃ ፍርስራሽ የተደፋበት ቦታ ነው። ለእኛ የደጋ ሰዎች ይህ ተራራ መባሉ ሊያስቀን ይችላል፤ ዳሩ ግን በ4.4 ኪሎ ሜትር ዙር 110 ሜትር መውጣትና ያንኑ ስምንት ጊዜ መድገም ቀላል አይደለም። ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በአራተኛው ዙር የፊት ጎማው ተነፈሰ። እስከ ተከለለው ቦታ ደርሶ ጎማው እስኪለወጥለት ድረስ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አጠፋ፤ ብዙዎችም አለፉት። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ቢናደድና የጠፋውን ሁሉ በአንድ ዳገት ላይ ልመልስ ቢል ባልተደነቅን። እርሱ ግን በቀሩት ዙሮች ቀስ በቀስ እየሰበሰበ መጣና የፈረንሳዩን ቪክቶር ኮሬትስኪን ደረሰበት።

በመጨረሻው ዙር ኮሬትስኪ ቀድሞ ሳለ በዛፎች ውስጥ አንድ ቦታ ላይ መንገዱ በአንድ ዛፍ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ኮሬትስኪ በአንደኛው በኩል ሲገባ ፒድኮክ በሌላው ገባ። ሁለቱ መንገዶች መልሰው ሲገናኙ ቀድሞ የወጣው ፒድኮክ ሆነ። በገዛ አገሩ ልጅ መሸነፍ የተቆጣው ሕዝብ ጮኸበት። ፒድኮክ በ1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ሲጨርስ ኮሬትስኪ በ9 ሴኮንድ፣ የደቡብ አፍሪካው አለን ሀዘርሊ በ11 ሴኮንድ ተከተሉት። ይህችን 9 ሴኮንድ ከላይ ካሰላናቸው ደቂቃዎች ጋር አንባቢ ራሱ ያመዛዝን። እንደ እኛ አስተያየት በዛፉ በኩል ማለፉ ድንገተኛ ዕድል አይደለም። መንገዱ በዚያ ቦታ ሁለት እንደሚሆንና ሁለቱም እንደሚያሳልፉ አስቀድሞ ያላየ ሰው፣ ሰባት ዙር ከዞረ በኋላ፣ በደከመ አእምሮ፣ በዚያች ቅጽበት ሊወስን አይችልም ነበር።

የሀዘርሊን ስም ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንጨምር። በዚያው በ2024 በአንዶራ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊው እርሱ ነው። በአገሩ ኬፕ ኤፒክ የሚባለው የብዙ ቀን ውድድር ከ2004 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በ2013 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ ወደ ፒተርማሪትስበርግ መጥቶ ነበር። በደጃፉ ውድድር ያለው ልጅ ከፊት ረድፍ ለመቆም የሚያስፈልገውን ትምህርት የሚጀምረው በቤቱ ነው። ወደ እኛ ጠጋ ሲል ነገሩ ይለወጣል። ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች በኦሊምፒክ የተካፈሉት ገና በ1956 በሜልቦርን ቢሆንም የተወዳደሩት በአውራ ጎዳና ላይ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በዚህ በጫካው ውድድር ስሙ የሚነሣው የሩዋንዳው አድሪያን ንዮንሹቲ ነው። በ1994 በአገሩ በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ወንድሞቹን ያጣው ይህ ወጣት በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በተራራ ብስክሌት አገር አቋራጭም ተወዳድሮ 39ኛ ሆነ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው አነስተኛ ውጤት ሊለው ይችላል። ከየትኛው ረድፍ እንደሚነሡና በጠባቡ በር ላይ ምን እንደሚያጋጥም የተረዳ አንባቢ ግን እንዲህ የሚል አይመስለንም።

ይህን ትምህርት በክፍል ለመስጠት ለሚፈልጉ መምህራን ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ መኪና የማያልፍበት፣ ወደ ሜዳ የሚወርድ ተዳፋት ይፈለግ። ውኃ በተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከሜዳው 1 ሜትርና 4 ሜትር ከፍ ያሉ ሁለት ቦታዎች ተለክተው ምልክት ይደረግባቸው። አንድ ተማሪ ፔዳል ሳይመታ መጀመሪያ ከዝቅተኛው፣ ቀጥሎ ከከፍተኛው ይውረድና ሜዳው ላይ ከተሠመረው መሥመር ሲደርስ ሁለቱንም ፍሬን እኩል ይያዝ። የቆመበት ርቀት በሜትር ይለካ። ከ4 ሜትር የወረደው ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ሲሆን የሚቆምበት ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ነፋስና አፈር ጥቂት ስለሚቀንሱለት በትክክል አራት ባይሆን ተማሪዎች አይደናገጡ። ከዚያም ሜዳው ላይ እርጥብ ቅጠል ተነስንሶ ከዝቅተኛው ቦታ ብቻ ይደገም፤ ከከፍተኛው ቦታ በቅጠል ላይ ማስወረድ አንመክርም።

ከመጀመሩ በፊት መምህሩ የሁለቱንም ፍሬን በእጁ ይሞክር። በየመንደሩ ከሚከራዩት ብስክሌቶች ብዙዎቹ አንዱ ፍሬናቸው የተበጠሰ፣ አንዳንዶቹም በጫማ የሚቆሙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ለሙከራው አይውልም። የራስ ቁር ያላደረገ ተማሪም አይውረድ። ሙከራው ጫካ ውስጥ እንዲሆን ከተፈለገ የጫካውን ጠባቂ አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ጨርሶ አለመግባት ይገባል፤ ጎማ በጭቃ ላይ የሚያወጣው ፈር በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናልና። ሙከራውን የሠሩ ክፍሎች የለኳቸውን ርቀቶች በሠንጠረዥ አድርገው ቢልኩልን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣቸዋለን። የተዳፋቱን አፈር ዓይነት፣ የብስክሌቱን ጎማ ስፋትና የተማሪውን ክብደት አብሮ መጻፍ አይዘንጋ።